ዕድሜው በዓመት ነው ወይስ በመነሳት? ስለ አሮጌ አውሮፕላን አካል መሰንጠቅ

ዓባይ_ማዶ
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። አንድ ክርክር ገላግሉን። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ የሚመላለስ አውሮፕላን መንገዱ አጭር ስለሆነ አይደክምም የሚል ወገን አለ። ሌላው «እንዲያውም ብረቱን የሚጨርሰው አጭር መንገድ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቦሌም የባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀም ከፍታ ላይ ስለሆኑ ካቢኑ ብዙ አይነፋም፣ ስለዚህ እኛ አገር የሚበር አውሮፕላን ዕድሜው ይረዝማል ባይ ነው። አራተኛው በ1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የወደቀው ቦይንግ 737 አርጅቶ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቁጥር ያለበት መልስ ስጡን።

ሪቬት_4ሚሜ
ከመጨረሻው ልነሳ፣ ቶሎ ያልቃልና። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ከእርጅና ጋር አይነካካም። አውሮፕላኑ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ተመልሶ ለማረፍ ሲዞር ሞተሮቹ ኃይል አጡ፣ በሆዱ አረፈ፣ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰው 35 ሞተ። አካሉ ገና አዲስ ነበር። ሰው የሚያምታታው ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ሃዋይ ላይ የሌላ 737-200 ጣሪያ በአየር ላይ ተገሽልጦ ስለሄደ ይመስለኛል። እርጅና የሚባለው ያኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አውሮፕላን በሦስት ነገር ይቆጠራል፦ በሰዓት፣ በሳይክል (ተነስቶ ማረፍ አንድ ሳይክል ነው)፣ ለዝገት ደግሞ በቀን መቁጠሪያ። የካቢኑን ቆርቆሮ የሚያደክመው ሳይክሉ ነው። ከፍ ሲል ካቢኑ ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል፤ ቆርቆሮው በየጊዜው ይለጠጥና ይመለሳል። በአየር ላይ አንድ ሰዓት ቆየ አሥር ሰዓት፣ ለካቢኑ ያው አንድ ነው። ክንፍ ላይ ግን ሰዓቱም ይቆጠራል፣ የነፋሱ መናጥ አያርፍምና።

የሃዋዩን አውሮፕላን (የአሎሃ አየር መንገድ በረራ 243) አኃዞች እዩ። 19 ዓመት፣ 35,496 ሰዓት፣ 89,680 ሳይክል። አካፍሉት፤ አንድ በረራ በአማካይ 24 ደቂቃ ነው። ሲሠራ የታሰበለት 20 ዓመት፣ 51,000 ሰዓት፣ 75,000 ሳይክል ነበር። በዓመት ብታዩት አልሞላውም፣ በሰዓት ብታዩት ገና ብዙ ይቀረዋል፣ በሳይክል ግን ካለፈ ቆይቷል። «አጭር መንገድ አያደክምም» ለሚለው ሰው ይህን አሳዩት።

ጣና_ዳር
ጋሼ፣ 75,000 ማለት እኮ 75,001ኛው ላይ ይበጠሳል ማለት አይደለም። ስንት ሺህ ሳይክል ያለፉ ሌሎች አውሮፕላኖች ሳይበጠሱ ጡረታ ወጥተዋል። የአሎሃው ምን ለየው?

ሪቬት_4ሚሜ
ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ሙጫው ነው።

የመጀመሪያዎቹ 291 የ737 አካሎች ላይ ሁለት ቆርቆሮ ተደራርቦ የሚጋጠምበት ቦታ (ላፕ ጆይንት እንላለን) በሙጫ በተነከረ ጨርቅ ተጣብቆ፣ በላዩ ሦስት ረድፍ ሪቬት (ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያያይዝ፣ ጫፉ ተመትቶ የሚደፈጠጥ ሚስማር) ተመታበት። ሙጫው ያለ ምድጃ፣ በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ዓይነት ነበር። ሐሳቡ ሸክሙን ሙጫው ይሸከማል፣ ሪቬቱ ያግዛል የሚል ነው። ሙጫው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ስለነበር ሲወጣ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛ የያዘው በደንብ አይጣበቅም። የለቀቀው ክፍተት ውስጥ ደግሞ ውኃ ይገባል፣ ዝገት ቆርቆሮዎቹን ያራርቃል፣ ሸክሙ በሙሉ ሪቬቱ ላይ ይወድቃል። የአሎሃው አውሮፕላን በተሠራበት ተራ 152ኛው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሪቬቱ ራሱ ነው። አየር እንዳይገታው ጭንቅላቱ ከቆርቆሮው እኩል የሚተኛ ነው፤ ለጭንቅላቱ መተኛ ቆርቆሮው በሾጣጣ መሰርሰሪያ ይጎደጎዳል። ቆርቆሮው 0.91 ሚሜ ብቻ ስለሆነ ጉድጓዱ እስከ ታች ደረሰና የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስል ሆነ። ስንጥቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የላይኛው ረድፍ ላይ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። አንዷ ብቻ ብትሆን ምንም አልነበረም። ጎረቤታሞቹ ሁሉ ሲሰነጠቁ ግን ድንገት ይገናኛሉ። በ7,300 ሜትር ከፍታ ላይ 5.5 ሜትር ያህል ጣሪያ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፣ አውሮፕላኑ ግን ማዊ ደሴት አረፈ።

መፍትሔው ምን ሆነ? የላይኛውን ረድፍ ሪቬት በሙሉ አውጥቶ፣ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ ጭንቅላቱ ወደ ውጭ በሚወጣ ወፈር ባለ ሪቬት መተካት። የምላጩ ጠርዝ አብሮ ተቦርቡሮ ይወጣል።

ፖሊ_መካኒካል
ጋሽ ሪቬት ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው፣ እዚህ ፖሊ ያሉ ተማሪዎችም ያነቡታልና።

በተነፋ ቱቦ ግድግዳ ላይ ያለው ውጥረት = ግፊት × ራዲየስ ÷ ውፍረት። ለ737-200 የካቢን ግፊት ልዩነት 7.5 ፒኤስአይ፣ ማለትም 51.7 ኪሎፓስካል፤ ራዲየስ 1.88 ሜ፤ ውፍረት 0.91 ሚሜ። ውጤቱ 107 ሜጋፓስካል ገደማ። የ2024-ቲ3 አሉሚኒየም (የአካሉ ቆርቆሮ ቅይጥ) መሸነፊያ፣ ማለትም ተለጥጦ ላይመለስ የሚችልበት ውጥረት፣ 320 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ማለትም ሦስት እጥፍ መጠባበቂያ ያለ ይመስላል። ክብ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ግን ውጥረቱ በ3 ይባዛል። መጠባበቂያው እዚያው አለቀ። (ፍሬሞቹና ማጠናከሪያ ቀበቶዎቹ ጥቂት ስለሚያግዙ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ይላል፣ ነገሩ ግን ይኸው ነው።)

አሁን ወደ ከፍታው ጥያቄ። የአገር ውስጡን ኪው400 (ባለ ፕሮፔለሩን) ውሰዱ፤ ከፍተኛ የካቢን ግፊት ልዩነቱ 38 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በመደበኛ አየር ስሌት፦

ቦሌ (2,334 ሜ) ላይ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል።
ባሕር ዳር (1,820 ሜ ገደማ) ላይ 81።
በ20,000 ጫማ ላይ 46.6።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በ20,000 ጫማ ቢበር፣ ካቢኑ ከቦሌ ግፊት ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር ግፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከ30 እስከ 35 ኪሎፓስካል ነው። ከባሕር ጠለል ከተማ ወደ ባሕር ጠለል ከተማ ቢሆን ግን ሲስተሙ ካቢኑን ወደ መሬት ለማስጠጋት እስከ 38 ሊሄድ ይችላል። የስንጥቅ እድገት ከውጥረቱ ጋር በ3ኛ ወይም በ4ኛ ኃይል ስለሚሄድ፣ ዝቅተኛውን ብንወስድ 30 በ38 ሲካፈል በ4ኛ ኃይል 0.39 ይሆናል። ሦስተኛው ሰውዬ ከባዶ አልተነሳም ማለት ነው።

ግን ሁለት ነገር ያፈርስበታል። አንደኛ፣ የጥገናው መዝገብ ቅናሽ አያደርግም፤ ባሕር ዳር ሄደ ጅቡቲ ሄደ አንድ ሳይክል አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ከፍታ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር 77 በመቶ ያህል ነው የሚከብደው። ፓይለቱ የሚያየው ፍጥነት ያው ሆኖ፣ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ እውነተኛ ፍጥነቱ በ14 በመቶ ይበልጣል፤ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ በ30 በመቶ። ካቢኑ ያረፈውን ያህል ቸርኬውና ፍሬኑ ይከፍላሉ።

ጣና_ዳር
ይሄ 14 በመቶ ጥሩ ነው፤ ማንም አያነሳውም።

ኮሜትንስ፣ የመጀመሪያውን የመንገደኛ ጄት፣ ረሳችሁት? በአራት ማዕዘን መስኮቱ ምክንያት ነው የተበተነው ይባላል።

ፖሊ_መካኒካል
ይባላል። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1954 ኤልባ ደሴት አጠገብ የወደቀው ኮሜት ስብርባሪ ሲገጣጠም፣ መጀመሪያ የተቀደደው ጣሪያው ላይ ለአንቴና የተከፈተ መስኮት ጠርዝ ላይ ነበር፤ የተሳፋሪ መስኮት አይደለም። እሱ 1,290 ጊዜ በርሯል። ሚያዝያ ላይ ኔፕልስ አጠገብ የወደቀው ሁለተኛው 900 ገደማ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ፋብሪካው ቀድሞ ሲፈትን የካቢኑ ክፍል ከ16,000 በላይ ንፊት ችሎ ነበር። እንዴት? ያንኑ ክፍል ከድካም ፈተናው በፊት ለጥንካሬ ፈተና ከመደበኛው በእጥፍ ነፍተውት ነበር። ያ ንፊት የቀዳዳዎቹን ማዕዘን በትንሹ አላሽቆ፣ ሲተነፍስ ማዕዘኑ ተጨምቆ ቀረ። የተጨመቀ ብረት ስንጥቅ አያስጀምርም። ፈተናው ራሱ ናሙናውን አጠንክሮት፣ ተሳፋሪ የጫኑት ግን ያን ዕድል አላገኙም። ዛሬ ይህንኑ ሆን ብለን እንጠቀምበታለን፤ የቀዳዳውን ግድግዳ ወፈር ባለ ሾጣጣ ዘንግ ከ3 እስከ 4 በመቶ እያሰፋን ማለፍ።

ዓባይ_ማዶ
እሺ፣ ስንጥቋ ፀጉር ከምታህል እንዴት ነው የምትገኘው? በዓይን?

ኤዲ_ከረንት
በዓይን የሚገኘውን አትናቁ። አሎሃ 243 ላይ አንዲት ተሳፋሪ ሂሎ ላይ ስትሳፈር በሩ አጠገብ በሪቬቱ ረድፍ ላይ የሄደ ረጅም ስንጥቅ አይታለች። ለማንም አልተናገረችም። እናንተ ብታዩ ተናገሩ፤ ቢበዛ ይስቁባችኋል።

መሬት ላይ በዓይን የሚፈለገው ይህ ነው። ከሪቬቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ የሚሄድ ጥቁር ጭስ የመሰለ ዱካ፤ ሪቬቱ ላልቶ ሲፋተግ የሚወጣ የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። በሪቬቶች መካከል ቆርቆሮው እንደ ትራስ ማበጥ፤ ከውስጥ ያለው ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ነው። ቀለም በመስመር መሰንጠቅ። የጎደለ የሪቬት ጭንቅላት።

በመሣሪያ ሲሆን፣ ላፕ ጆይንት ላይ ኤዲ ከረንት (በብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሽከረከረ ስንጥቅ የሚፈልግ)፦

መጀመሪያ ናሙና። አንድ ዓይነት ቅይጥ፣ አንድ ዓይነት ውፍረት፣ አንድ ዓይነት ሪቬት ያለው፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የታወቀ ርዝመት ጭረት የተቆረጠበት። መሣሪያው ፕሮቡ (መፈለጊያ ጫፉ) ከቆርቆሮው ሲነሳ ምልክቱ አግድም እንዲሄድ፣ ጭረቱን ሲያገኝ ወደ ላይ እንዲቆም ይስተካከላል። ያለ ናሙና የተሠራ ፍተሻ አልተሠራም ብላችሁ ቁጠሩት።

ከዚያ ፍሪኩዌንሲ። በ100 ኪሎኸርዝ የሚያይበት መደበኛ ጥልቀት 0.4 ሚሜ ገደማ ነው፤ የላይኛውን ቆርቆሮ ገጽ ብቻ ያያል። ሁለተኛውን ቆርቆሮ ለማየት ወደ 5 ኪሎኸርዝ ወርዳችሁ 1.7 ሚሜ ታገኛላችሁ፤ በ1 ኪሎኸርዝ 3.8 ሚሜ። በወረዳችሁ ቁጥር ጠልቃችሁ ታያላችሁ፣ ትንሿ ስንጥቅ ግን ታመልጣችኋለች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ አንድ ፍሪኩዌንሲ የለም።

ፕሮቡ በሪቬቶቹ መሐል ለመሐል በማስመሪያ ተደግፎ ይንሸራተታል። አጠራጣሪው ይመለከታል፣ በክብ ፕሮብ ይደገማል። መጨረሻ ላይ ወደ ናሙናው ተመለሱ። መሣሪያው ተንሸራቶ ከተገኘ ካለፈው ደህና ልኬት ወዲህ የፈተሻችሁት ሁሉ እንደገና ይፈተሻል። ይህን የማይወድ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ።

አሎሃ ላይ መመሪያው ምን እንደነበር ጋሽ ሪቬት ቢጨምሩበት።

ሪቬት_4ሚሜ
መመሪያውማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ አስገዳጅ መመሪያ ስትሪንገር (በአካሉ ርዝመት የሚሄድ ማጠናከሪያ ዘንግ) 4 ላይ ያለው ላፕ ጆይንት በግራም በቀኝም እንዲፈተሽ አዘዘ። የአምራቹ ሰነድ ግን ሌሎቹንም ላፕ ጆይንቶች ይጠቅስ ነበር። የተሰነጠቀው ስትሪንገር 10 ግራ ነው። ወረቀቱ ያላዘዘው ቦታ።

ፖሊ_መካኒካል
የፍተሻ ጊዜው እንዴት እንደሚወጣም ይታወቅ። ሁለት ቁጥር አለ፦ ስንጥቋ በመሣሪያ ልትገኝ የምትችልበት ርዝመት እና ሸክም መቻል የምታቆምበት ርዝመት። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ለምሳሌ 12,000 ሳይክል የሚፈጅ ከሆነ፣ ፍተሻው ቢያንስ በየ6,000 ይደረጋል፤ አንዴ ብታመልጥ ሁለተኛ ዕድል እንዲኖር። ይህ አሠራር የጠነከረው እ.ኤ.አ. በ1977 ሉሳካ አጠገብ አንድ የጭነት ቦይንግ 707 አግድም ጭራው ተሰብሮ ከወደቀ ወዲህ ነው። ጭራው «አንዱ ቢሰበር ሌላው ይይዛል» ተብሎ ነበር የተሠራው፤ ግን አንደኛው መሰበሩን በጊዜ የሚያሳይ ፍተሻ አልነበረም። በዓመቱ፣ በ1978፣ ሕጉ ተቀየረና ስንጥቅ እንዳለ ቆጥሮ እድገቱን ማስላት ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ለተስፋፋ ድካም የማያልፉት የሳይክልና የሰዓት ጣሪያ ተደነገገ፤ ጎረቤታም ቀዳዳዎች አብረው ሲሰነጠቁ ይህ የ6,000 ስሌት ስለማይሠራ።

ጣና_ዳር
ከርዕስ ልውጣና ልመለስ። የጣና የሞተር ጀልባዎች ፕሮፔለር ዘንግም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚሰበረው፣ የቁልፉ መሰንጠቂያ የሚያልቅበት፣ መሾጠጥ ከሚጀምርበት አጠገብ። የተሰበረው ፊት ላይ እንደ ባሕር ዳርቻ አሸዋ የተደራረበ መስመር ይታያል፣ ጥጉ ላይ ብቻ ሸካራ ነው። ያው ነገር ነው?

ኤዲ_ከረንት
ያው ነው። መስመሮቹ ስንጥቁ እየቆመ እየሄደ ያለፈባቸው ናቸው፤ ወደ ጀመረበት ነጥብ ይጠቁማሉ። ሸካራው መጨረሻ ላይ በአንዴ የተበጠሰው ነው። ሸካራው ትንሽ ከሆነ ሸክሙ ዝቅተኛ ነበር፣ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ነበረው፣ ማለትም ፍተሻ ቢኖር ይገኝ ነበር። ሰፊ ከሆነ ከአቅም በላይ ተጭኗል።

ዘንጉን ለመፈተሽ ቀይ ቀለም (ፔኔትራንት) ይበቃችኋል። ቅባቱን በሚገባ አንሱ፣ ቀለሙን ቀቡ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት፣ በጨርቅ ጥረጉ። ማጽጃውን ጨርቁ ላይ ንፉ እንጂ ዘንጉ ላይ አትንፉ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን አጥባችሁ ታወጡታላችሁ። ነጩን ዱቄት በስሱ ንፉና ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። በሽቦ ብሩሽ ቀድሞ የተፈተገ ከሆነ ግን የስንጥቁ አፍ ተለስኖ ምንም አያሳይም።

ሪቬት_4ሚሜ
ወደ አውሮፕላን እንመለስ፤ ዋናው ነገር አልተነሳም፣ ጥገና። ከእርጅናም ከዝገትም ይልቅ እኔ የምፈራው ያረጀ ጥገናን ነው።

ጃፓን አየር መንገድ 123፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1985፣ ከ524 ሰው 520 ሞተ። 747ቱ በ1978 ኦሳካ ላይ ጭራው መሬት ነክቶ ነበር። የኋላውን የግፊት ግድግዳ ሲጠግኑ መሐል ላይ አንድ ወጥ ማያያዣ ሳህን መግባት ነበረበት፤ ለሁለት የተቆረጠ ገባ። ከውጭ ሲታይ ሪቬቱ ሁሉ በቦታው አለ፤ ሸክም የሚያስተላልፈው ግን አንድ ረድፍ ብቻ ነበር። ከ12,000 በላይ በረራ ቻለ። ሲፈነዳ አየሩ የቁም ጭራውን ወሰደ፣ አራቱም የሃይድሮሊክ መስመሮች ተበጠሱ።

ቻይና ኤርላይንስ 611 ያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ጭራው መሬት ነካ፤ የተፋቀው ቆርቆሮ መቆረጥ ሲገባው ጭረቱ እንዳለ በላዩ ልጣፊ ሳህን ተመታበት። 22 ዓመት ከልጣፊው ሥር ሲያድግ ቆይቶ በ2002 በአየር ላይ ተበተነ፤ 225 ሰው። ልጣፊው ስንጥቁን ከዓይን ከልሎት ነበር።

ስለዚህ ልጣፊ ስትሠሩ፦ የተጎዳውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ማዕዘኑን አክቡት። ልጣፊው ከቆርቆሮው አንድ ደረጃ ብቻ ይወፍር፤ 0.91 ከሆነ 1.02 ሚሜ። «ወፍራም ይሻላል» የሚል ሰው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሸክሙን ሁሉ ያወርድበታል፤ ቆርቆሮው ልክ ከልጣፊው ጠርዝ ይሰነጠቃል። በየጎኑ ቢያንስ ሦስት ረድፍ። ለ4 ሚሜ ሪቬት በረድፉ ላይ ከ16 እስከ 24 ሚሜ ርቀት፤ ከጠርዝ 8 ሚሜ ሲደመር 1.3። ከተሰረሰረ በኋላ ቆርቆሮዎቹ ተለያይተው ብናኙ ይጠረግ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ይላግ፤ ከዚያ ማሸጊያ ተቀብቶ እርጥብ እያለ ሪቬቱ ይመታ። የተመታው ጫፍ ስፋቱ 6 ሚሜ፣ ቁመቱ 2 ሚሜ ይሁን።

አሮጌ ማሸጊያ ስትፍቁ ደግሞ የብረት ቢላዋ አታንሱ። ላፕ ጆይንት አጠገብ በቢላዋ የተጫረ ቀጭን መስመር በራሱ የስንጥቅ መጀመሪያ ሆኖ በ737ዎች ላይ ተገኝቷል። ፕላስቲክ መፋቂያ ብቻ።

ዓባይ_ማዶ
ኪው400 ላይ የታወቀ ችግር አለ? እዚህ በብዛት የምናየው እሱ ነውና።

ኤዲ_ከረንት
በ2007 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ላይ የአንድ የስካንዲኔቪያ ኩባንያ ሁለት ኪው400ዎች በጥቂት ቀን ልዩነት ሲያርፉ የቀኝ ዋና እግራቸው ታጠፈ፤ አልቦርግ እና ቪልኒየስ። እግሩን የሚጎትተው አንቀሳቃሽ ዘንግ ጫፉ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ ከውስጥ ዝጎ ሸክም መያዝ አቅቶት ነበር። ድካም ሳይሆን ዝገት፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም። ዓለም ላይ ካሉት ኪው400ዎች ከተወሰነ ማረፊያ በላይ የሆናቸው ሁሉ ተፈተሹ። የእኛዎቹ መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ጣና_ዳር
የጣና እርጥበት አያዝገውም?

ኤዲ_ከረንት
ጣና ጨው የለውም፤ አሉሚኒየምን የሚበላው ክሎራይድ ነው። ካቢን ውስጥ ከሐይቁ ይልቅ ሽንት ቤቱና ማዕድ ቤቱ ይብሳሉ። ወለሉን ስትነሱ መጀመሪያ እዚያ ሥር እዩ።

ፖሊ_መካኒካል
ጋሽ ሪቬት፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አሎሃን ተከትሎ ቀዳዳው ሰፍቶ ወፍራም ሪቬት ይገባል ብለዋል። የ4 ሚሜው ወደ 4.8 ሲያድግ ከጠርዝ የሚፈለገው 9.6 ይሆናል። ቀድሞ 8 ላይ የተሰረሰረ ከሆነስ?

ሪቬት_4ሚሜ
1.3ቱ ለዚህ ነው፤ 8 ሲደመር 1.3 ላይ የተሰረሰረ 9.3 ይሰጣችኋል፣ ለ4.8 እሱም 0.3 ይጎድለዋል። ልክ 8 ላይ የተሰረሰረማ ጭራሽ አይሆንም። 9.3 ላይ ላለው መካከለኛ ስፋት ያለው ማስፊያ ሪቬት (4.4 አካባቢ) ይሞከራል፣ 8.8 ይበቃዋልና። እሱም ካልሆነ ልኬቱ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነስቶ ለአምራቹ ይላካል፤ መልስ እስኪመጣ አውሮፕላኑ ይቆማል። «አንድ ሪቬት ናት» ተብሎ አይታለፍም።